ጉልበት አጠገብ ያለች ትንሽ ቁስል ከመሰፋቷ በፊት

ሰው እግሩ ሲቆስል መጀመሪያ የምናየው የቁስሉን ስፋት ነው። ሰፊ ከሆነ እንደነግጣለን፣ ሁለት ሴንቲሜትር ምናምን ከሆነ ደግሞ "ይሄማ ሁለት ስፌት ነው" ብለን እናልፈዋለን። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት አካባቢ ግን በዚህ አይን ማየት አደገኛ ነው፣ እዛ ቦታ ላይ ዋናው ጥያቄ ቁስሉ እስከየት ገባ፣ መገጣጠሚያውን ከፈተው ወይስ አልከፈተውም የሚለው ነው። ከከፈተው፣ ቆዳውን ሰፍቶ ወደ ቤት መላክ ማለት ቆሻሻውን ከነባክቴሪያው ውስጥ ቆልፎ መላክ ማለት ነው።

እኛ ሀገር ስለ እግር ጉዳት ሲወራ ወሬው ሁሉ ወይ አዲስ አበባ ስላለ ስፔሻሊስት ነው ወይ ስለ ሲቲ ስካን ነው ወይ ውጭ ሄዶ ስለመታከም ነው። እነዚህ አያስፈልጉም እያልኩ አይደለም። ግን መገጣጠሚያው የተከፈተ ሰው እግሩ ይተርፍ አይተርፍ፣ ጉልበቱ ይታጠፍ አይታጠፍ በአብዛኛው የሚወሰነው ከዛ በፊት ነው፣ ጤና ጣቢያና የወረዳ ሆስፒታል ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ያውም በርካሽ ነገሮች። መጠርጠር፣ አንድ የአንቲባዮቲክ መርፌ፣ ብዙ የጨው ውሃ፣ ለመስፋት አለመቸኮል። በቃ እነዚህ ናቸው፣ እነዚህ ሳይደረጉ ቀርተው ስንት ወጣት እንደሚያነክስ ማሰብ ያማል።

መገጣጠሚያ ለምን እንዲህ ይለያል? የአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ካርቲሌጅ የሚባል ነጭና በጣም ለስላሳ ልባስ አለ፣ ሳያመን የምንራመደው በሱ ነው። ይሄ ልባስ የራሱ የደም ስር የለውም፣ ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ባክቴሪያ ሲገባ በደም የሚመጣው መከላከያ በቀጥታ አይደርስለትም፣ አንዴ ከተበላ ደግሞ እንደ ቆዳ ወይም እንደ አጥንት መልሶ አይበቅልም። የሚበላው ደግሞ ባክቴሪያው ብቻ አይደለም፣ ባክቴሪያውን ሊዋጋ የሚመጣው የራሳችን ነጭ የደም ሴል የሚረጨው ኢንዛይም ራሱ ካርቲሌጁን ያሟሟዋል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው በቀናት ውስጥ ነው፣ ወራት አይፈጅም። ከዛ በኋላ መግሉ ቢደርቅ፣ ቁስሉ ቢዘጋ፣ ትኩሳቱ ቢጠፋ እንኳ ጉልበቱ ግትር ብሎ ይቀራል፣ ሰውየው ገና በወጣትነቱ አርትራይተስ ይዞት ደረጃ መውጣትና ቁጢጥ ማለት ህልም ይሆንበታል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የመገጣጠሚያው ስፋት ነው። የጉልበት መገጣጠሚያ ከረጢት ሎሚው (ከፊት ያለው ክብ አጥንት) ጋ የሚያልቅ ይመስለናል፣ ከሎሚው በላይ ግን አራት ጣት ያህል ወደ ጭን ይወጣል። ስለዚህ "ቁስሉ ጭኑ ላይ ነው፣ ጉልበቱን አልነካም" ተብሎ የሚታለፈው ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያው ውስጥ ነው። ቁርጭምጭሚት ደግሞ ከፊትና ከጎን በኩል በቆዳውና በመገጣጠሚያው መካከል ስጋ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ምላጭ ራሱ ይደርሳል።

ማን ነው የሚጎዳው ካልን በቀን ተቀን የምናያቸው ሰዎች ናቸው። ባጃጅ ሹፌር ሲጋጭ ጉልበቱን የሚጠብቀው ከፊት ያለችው ስስ ቆርቆሮ ብቻ ናት። ሞተረኛ ሲወድቅ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ አስፋልት ላይ ይጎተታል። ገጠር ላይ እንጨት ሲፈለጥ የሳተ መጥረቢያ፣ አጨዳ ላይ ማጭድ፣ ብረታ ብረት ቤት የሚፈነጥር የግራይንደር ዲስክ አለ። ባለፉት አመታት ደግሞ በየአካባቢው በነበረውና ባለው ግጭት ጥይትና ፍንጣሪ መገጣጠሚያ ውስጥ የቀረባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ስለ ጥይት አንድ ነገር ልጨምር፦ ስጋ ውስጥ የቀረ ጥይት ብዙ ጊዜ እዛው ቢተው ችግር የለውም፣ መገጣጠሚያ ውስጥ የቀረ ግን መውጣት አለበት፣ ምክንያቱም የመገጣጠሚያው ፈሳሽ እርሳሱን ቀስ በቀስ ያሟሟውና ወደ ደም ይገባል፣ ካርቲሌጁንም ይፍቀዋል። "ጥይቱ ካላመመህ ተወው" የሚባለው ምክር እዚህ ጋ አይሰራም።

ደጋግሞ የሚታየው ታሪክ እንዲህ ነው። ልጁ ባጃጅ ይነዳል፣ ተጋጨ፣ ጉልበቱ በውስጥ በኩል ሁለት ሴንቲሜትር ተቀደደ። ደሙ ቶሎ ቆመ፣ ተነስቶ ተራመደ። ቅርብ ያለ ክሊኒክ ገባ፣ በአዮዲን ጠረጉለት፣ ሶስት ቦታ ሰፉት፣ አሞክሳሲሊን በካፕሱል ሰጡትና ሄደ። በሶስተኛው ቀን ጉልበቱ ያብጥና ይሞቃል፣ "ስፌቱ ነው" ይላል። በአምስተኛው ቀን ትኩሳት፣ ጉልበቱን ትንሽ ሲያንቀሳቅሱት ይጮሃል፣ ሆስፒታል ሲደርስ መርፌ አስገብተው ሲስቡ ሲሪንጁ በመግል ይሞላል። ከዛ ኦፕሬሽን፣ ካልበቃ ሁለተኛ ኦፕሬሽን፣ ሳምንታት አልጋ ላይ፣ ባጃጁ የቤተሰቡ ገቢ ነበር ቆመ። ያ ሁሉ ሲጀመር አንድ ሰው "ይሄ ቁስል ጉልበት ውስጥ ገብቶ ይሆን?" ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ መንገዱ ሌላ ይሆን ነበር።

እንግዲህ ምርመራው እንዴት ይሁን። መጀመሪያ ሰውየው ነው፣ ቁስሉ አይደለም። የመኪና አደጋ የደረሰበት ሰው እግሩ ላይ ሁሉም አፍጦ እያለ ሆዱ ውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ አተነፋፈስ፣ የደም ግፊት፣ ጭንቅላት፣ ደረት፣ ሆድ ይታያል። እግሩ የሚደማ ከሆነ በንፁህ ጨርቅ ቀጥታ ተጭኖ መያዝ።

ቀጥሎ ከቁስሉ በታች ያለው እግር። ይሄ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እግሩ እንደሌላኛው ይሞቃል? ከእግር አናት ላይ ያለው የልብ ትርታ ይዳሰሳል? በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል ሲነካ ይሰማዋል? ጣቶቹን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ይችላል? በተለይ ጉልበቱ ወልቆ ከነበረ፣ ራሱ ወደ ቦታው ተመልሶ ቢሆን እንኳ፣ ከጉልበት ጀርባ የሚያልፈው ትልቁ የደም ስር ሊቀደድ ወይም ሊዘጋ ይችላል፣ ያ ከሆነ ደግሞ ያለው ጊዜ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዛ በኋላ ጡንቻው እየሞተ ይሄዳል። የደም ግፊት መለኪያ ካለ የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ለክንዱ ሲካፈል ከ0.9 ካነሰ የደም ስር ጉዳት ተጠርጥሮ ሰውየው ሳይውል ሳያድር መላክ አለበት። ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ ተጣሞ ቆዳው ነጭ እስኪሆን ተወጥሮ ከሆነ ደግሞ ባለሙያው ራጅ ሳይጠብቅ ማስተካከል አለበት፣ ራጁ እስኪነሳ ቆዳው ይሞታል።

ቁስሉን በተመለከተ አንድ በጣም ቀላል ነገር አለ። አንዴ በደንብ ይታይ፣ ታካሚው ከፈቀደ በስልክ ፎቶ ይነሳ፣ ከዛ ሳላይን (ንፁህ የጨው ውሃ) በነካ ጎዝ ተሸፍኖ ኦፕሬሽን ክፍል እስኪገባ አይከፈት። እኛ ጋ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፣ ትሪያጅ (ታካሚው መጀመሪያ የሚታይበት ቦታ) ላይ ይከፈታል፣ ተረኛው ሀኪም ይከፍተዋል፣ ሪፈር የተላከበት ሆስፒታል ድጋሚ ይከፍተዋል፣ ተማሪዎች ይመጣሉ ይከፈታል፣ በተከፈተ ቁጥር የሆስፒታሉ ባክቴሪያ ይገባል፣ እሱ ደግሞ ከመንገዱ አቧራ የባሰ መድኃኒት የለመደ ነው። አስታማሚም ብትሆኑ "ፎቶው ይኸውና" ማለት መብታችሁ ነው። ጣት ወይም መቀስ አስገብቶ ጥልቀቱን መለካትም ድንገተኛ ክፍል ውስጥ መደረግ የለበትም።

መገጣጠሚያው መከፈቱን የሚናገሩ ምልክቶች አሉ። ከቁስሉ ቢጫ ቢጤ፣ እንደ እንቁላል ነጭ የሚሳብ ፈሳሽ ከወጣ እሱ የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ነው። ከደሙ ላይ የቅባት ጠብታ ከተንሳፈፈ አጥንቱ መገጣጠሚያው ውስጥ ተሰብሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ራጅ ላይ መገጣጠሚያው ውስጥ ጥቁር የአየር ጥላ ከታየ ከውጭ የገባ ነው፣ ተረጋግጧል ማለት ነው። ግን ምልክት ስለሌለ አልተከፈተም አይባልም። ህጉ በግልባጩ ነው፣ ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት አጠገብ ያለ ቁስል ሁሉ አለመክፈቱ እስኪረጋገጥ ድረስ መገጣጠሚያውን እንደከፈተ ይቆጠራል።

እንዴት ይረጋገጣል? ሲቲ ስካን ካለ በጣም ጥሩ ነው፣ መገጣጠሚያ ውስጥ የገባች ትንሽ አየር እንኳ ያሳያል፣ ጉልበት ላይ በተደረጉ ንፅፅሮችም ከሌሎች መንገዶች የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። የሌለበት ቦታ ግን የጨው ውሃ ፈተና የሚባል አለ፣ የሚፈልገው መርፌ፣ ሲሪንጅ፣ ማደንዘዣና ንፁህ ኖርማል ሳላይን ነው። ከቁስሉ ርቆ ባለ ጤናማ ቆዳ በኩል መገጣጠሚያው ውስጥ ሳላይን ይገባል፣ ጉልበቱ ቀስ ብሎ ይታጠፋል ይዘረጋል፣ ከዛ ቁስሉ ይታያል፣ ውሃው በቁስሉ ከወጣ ተከፍቷል።

እዚህ ጋ ያለው ትልቁ ስህተት መጠኑ ነው። ብዙ ቦታ 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር አስገብተው "አልወጣም፣ ደህና ነው" ብለው ይሰፋሉ። ትንሽ ቀዳዳ በተከፈተበት ጉልበት ላይ በተደረገ ጥናት ግን 75 ሚሊ ሲገባ የተያዘው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው፣ ከመቶ 95ቱን ለመያዝ 155 ሚሊ ገደማ አስፈልጓል፣ በሌላ ጥናት ደግሞ 194። በ20 ሲሲ ሲሪንጅ ስምንት ጊዜና ከዛ በላይ ማለት ነው! ሶስት ሲሪንጅ አስገብቶ ያቆመ ሰው ፈተናውን ጨርሷል ማለት አይቻልም። ያማል፣ ታካሚው በቃኝ ይላል፣ ለዚህ ነው ማደንዘዣው። ቁርጭምጭሚት ጠባብ ስለሆነ 30 ሚሊ አካባቢ ይበቃዋል። ሰማያዊ ቀለም የሚጨምሩ አሉ፣ ብዙም ጥቅም አልታየበትም። እና በፈተናው ውሃ ባይወጣም ጥርጣሬው ከቀጠለ፣ ኦፕሬሽን ክፍል ገብቶ ማየት አያሳፍርም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። አንቲባዮቲክ ነው ዋናው፣ እና ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ክፍት ስብራት (አጥንቱ ተሰብሮ ቆዳውም የተከፈተበት) ላይ በወጣ ጥናት ሴፋሎስፖሪን የሚባለው የአንቲባዮቲክ ዓይነት የተሰጣቸው ሰዎች ኢንፌክሽን ከመቶ 2.3 ሲሆን ምንም ያልተሰጣቸው ላይ 13.9 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከባድ የቅልጥም ክፍት ስብራት ያለባቸውን አይቶ፣ መድኃኒቱ ከ66 ደቂቃ በኋላ ሲሰጥ ኢንፌክሽኑ እንደሚጨምር አሳየ። ስለዚህ የመጀመሪያው መርፌ አንድ ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ከዚህ አንጻር የኛን ሪፈራል እስቲ አስቡት፣ ጤና ጣቢያው ወረቀት ጽፎ ይልካል፣ አምቡላንስ ይጠበቃል፣ መንገዱ ሶስት ሰዓት ነው፣ ሆስፒታሉ ካርድ አውጡ ይላል፣ አልጋ የለም ወደ ሌላ ይላካል፣ የመጀመሪያው መርፌ ማታ ይሰጣል። ጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ሴፍትሪያክሶን እያለ! ሴፋዞሊን ካለ እሱ የተመረጠ ነው፣ ለአዋቂ 2 ግራም በደም ስር፣ እኛ ጋ በብዛት የሚገኘው ግን ሴፍትሪያክሶን ነውና አለርጂ ተጠይቆ ያለው ይሰጥ። የእርሻ አፈርና እበት የገባበት ከሆነ ፔኒሲሊን ወይም ሜትሮኒዳዞል ይጨመራል። ዋናው ነገር ሪፈር ወረቀቱ ላይ "ይህን መድኃኒት በዚህ ሰዓት ሰጥተናል" የምትል አንድ መስመር መኖሯ ነው። ይቺ መስመር ዛሬውኑ ያለ ምንም ተጨማሪ በጀት ልትጀመር ትችላለች፣ ለኔ ከየትኛውም አዲስ ማሽን በፊት የምትመጣው እሷ ናት።

ቴታነስም አይረሳ። እበትና አፈር የነካው ቁስል ላይ የመጨረሻው ክትባት አምስት አመት ካለፈው ድጋሚ ይሰጣል፣ ጭራሽ ተከትቦ የማያውቅ ከሆነ ከክትባቱ ጋር የተዘጋጀው መከላከያ (ኢሚዩኖግሎቡሊን) መርፌም ይጨመራል። ብዙ ወንዶች ከልጅነታቸው በኋላ ተከትበው አያውቁም፣ ሴቶች ቢያንስ በእርግዝና ክትትል ጊዜ ያገኙታል።

"ቁስሉ ሳይታጠብ ስድስት ሰዓት ካለፈ ዋጋ የለውም" የሚባል ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። ይሄ የስድስት ሰዓት ደንብ የመጣው ፍሪድሪክ የሚባል ጀርመናዊ ሀኪም እ.ኤ.አ. በ1898 ጊኒ ፒግ በሚባሉ ትናንሽ እንስሳት ላይ ካደረገው ሙከራ ነው፣ አንቲባዮቲክ ባልነበረበት ዘመን። አሁን ያለው አሰራር ይለያል። የእንግሊዝ የአጥንት ሀኪሞች መመሪያ ለምሳሌ እበት፣ ፍሳሽ ወይም የእርሻ ቆሻሻ የገባበትን ወዲያው፣ በከፍተኛ ኃይል የተመታውን በ12 ሰዓት፣ ሌላውን በ24 ሰዓት ውስጥ እጠቡ ነው የሚለው። ይሄ ለኛ ትልቅ ትርጉም አለው፣ ምክንያቱም አንቲባዮቲኩ በጊዜ ከተሰጠ ሌሊት በጨለማ መንገድ ሰውን ከማንገላታት ጠዋት በደንብ በተዘጋጀ ክፍልና ባልደከመ ሀኪም ማጠብ ይሻላል። ግን ዛሬ ነገ እየተባለ አራት ቀን ኮሪደር ላይ መተኛት በየትኛውም መመሪያ ትክክል አይደለም።

እጥበቱ ራሱ በጣም የሚያስደስት ነገር አለው። ፍሎው የሚባል ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል፣ ከ2,400 በላይ ክፍት ስብራት ያለባቸው ሰዎች ላይ፣ ህንድን ጨምሮ በአምስት ሀገር። ጥያቄው ቁስሉ በከፍተኛ ግፊት ማሽን ይታጠብ ወይስ ከፍ ካለ ቦታ ተሰቅሎ በራሱ በሚወርድ ውሃ፣ በሳሙና ወይስ በኖርማል ሳላይን የሚል ነበር። ግፊቱ ለውጥ አላመጣም። ሳሙናው ጭራሽ የባሰ ሆነ፣ በሳሙና ከታጠቡት 14.8 ከመቶ ድጋሚ ኦፕሬሽን ሲያስፈልጋቸው በሳላይን 11.6 ነበር። ማለትም ውዱ ማሽን የሌለው ሆስፒታል ምንም አልጎደለበትም፣ ሳላይኑን ስታንድ ላይ ሰቅሎ በቱቦ ማውረድ በቂ ነው። መጠኑ ግን አይቀነስ፣ በተለምዶ ለትንሹ ቁስል 3 ሊትር፣ ለመካከለኛው 6፣ ለከባዱ 9 ነው። ከውሃው እኩል የሚያስፈልገው የሞተ ስጋ፣ የጨርቅ ቁራጭ፣ ጠጠር አንድ በአንድ መለቀሙ ነው። ውሃ የሞተ ስጋን ህያው አያደርግም፣ ለሁለት ሳምንት የሚወሰድ ሴፍትሪያክሶንም ያልታጠበን መገጣጠሚያ አያድንም። በደንብ ከታጠበ በኋላ አንቲባዮቲኩ ለቀላሉ 24 ሰዓት፣ ለከባዱ እስከ 72 ሰዓት ነው የሚበቃው፣ ከዛ በላይ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ማሳደግ ነው።

ከታጠበ በኋላ ንፁህ ከሆነ መገጣጠሚያው ይዘጋል፣ ካርቲሌጁ ለአየር ተጋልጦ መድረቅ የለበትም። ቆዳው ላይ ጥርጣሬ ካለ ክፍት ይተውና በ48 እስከ 72 ሰዓት ተመልሶ ይታያል። የተሰበረ አጥንት ካለ ከውጭ በሚታሰር ብረት መገጣጠሚያውን ተሻግሮ ይያዛል፣ ስፔሻሊስቱ በኋላ ይጨርሰዋል።

ስለ ወጌሻ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ወጌሻ ጋ የሚሄደው ሰው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፣ ቅርብ ነው፣ በሰው ቋንቋ ያናግረዋል፣ ሆስፒታል "ይቆረጣል" ይሉኛል ብሎ ይፈራል። ግን ቆዳው የተከፈተ ጉዳት የወጌሻ አይደለም፣ ይሄ ላይ መደራደር የለም። መታሸት ባክቴሪያውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደግሞ ደም አቋርጦ ጋንግሪን (የስጋ መሞት) ያመጣል፣ በዛ ምክንያት እግራቸው የተቆረጠ ህፃናት ሆስፒታሎቻችን ውስጥ አሉ። ጥሩ ወጌሻዎችን ማሰልጠንና "ደም ካየህ ላክ" የሚለውን አንድ ነገር ማስያዝ ከማውገዝ በላይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሲስተሙን ካየን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ላንሴት የሚባለው የህክምና መጽሔት የአለም አቀፍ ቀዶ ህክምና ኮሚሽን አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ስራውን ይሰራል ለማለት ሶስት ነገር መቻል አለበት ብሏል፦ በኦፕሬሽን ማዋለድ፣ ሆድ ከፍቶ ማከም፣ እና ክፍት ስብራትን ማከም። በመጀመሪያው ላይ ሀገራችን ብዙ ሰርታለች፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖችን በማስተርስ አሰልጥና ለድንገተኛ ቀዶ ህክምና ወደ ወረዳ አውርዳለች። እነዚህ ባለሙያዎች መገጣጠሚያ ከፍቶ ማጠብና የውጭ ብረት ማሰር ይችላሉ፣ ወይም ትንሽ ቢታገዙ ይችላሉ። ብረቱና ሳላይኑ እጃቸው ላይ ካለ ሁሉም ሰው ጥቁር አንበሳና አቤት ሆስፒታል በር ላይ መሰለፍ የለበትም።

እናንተ መንገድ ላይ ብታገኙትስ? አደጋው መኪና ከሆነ ቀይ መስቀል 907 ይደወል። ደሙን ተጭናችሁ ያዙ፣ የሚታይ አፈር ካለ በንፁህ የሚጠጣ ውሃ አፍሱበት፣ የተፈጨ ቡና፣ ቅቤ፣ ነጭ ጋዝ ምንም አታድርጉ፣ ቡናው በኋላ ከመገጣጠሚያው ውስጥ አንድ በአንድ ነው የሚለቀመው። የወጣ አጥንት ወደ ውስጥ አትግፉ። እግሩን ባለበት ሁኔታ በካርቶን ወይም በጣውላ ደግፋችሁ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ጣቶቹ እንዲታዩ ተዉ። ኦፕሬሽን ሊኖር ስለሚችል ምግብ አትስጡት፣ ስንት ሰዓት እንደተጎዳ ጻፉ።

ከህክምናው በኋላ ደግሞ ሁለት ነገር። ጉልበቱ እንደገና ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ማታ ማታ ብርድ ብርድ ካለው ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዛው ቀን ይመለስ፣ ህመም ማስታገሻ ወስዶ ማሳለፍ የለም። ሁለተኛው ሀኪሙ ከፈቀደበት ቀን ጀምሮ ጉልበቱን ማንቀሳቀስ ነው። "እንዳይከፈትብኝ" ብሎ ስድስት ሳምንት ዘርግቶ የተኛ ሰው ኢንፌክሽን ባይነካውም ጉልበቱ ይደርቅበታል፣ ፊዚዮቴራፒ ሩቅ ከሆነ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን በቀን ብዙ ጊዜ ማጠፍና መዘርጋት፣ ጭኑን ማጥበቅና መልቀቅ ቤት ውስጥ ይሰራል።